የጉልበቴ ሎሚ ደጋግሞ ይወልቃል፤ ኦፕራሲዮን ልሁን?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ የ21 ዓመት ወጣት ናት፤ ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ አጠገብ ባለ የአክስቷ ልብስ ሱቅ ትሠራለች። የቀኝ ጉልበቷ ሎሚ መጀመሪያ የወለቀው በ15 ዓመቷ፣ ትምህርት ቤት መረብ ኳስ ስትጫወት ነው። ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ ደግሟታል፤ የመጨረሻው ከባጃጅ ስትወርድ ነው። የግራው ሙሉ በሙሉ ወልቆ አያውቅም፣ "ሸርተት ብሎ ይመለሳል" ትላለች። ራጅ ያየላት ሐኪም ሁለቱንም ጉልበት በአንድ ቀን ኦፕራሲዮን ብትሆኚ ይሻላል ብሏታል። እናቷ አይሆንም ብለዋል፤ ወጌሻ ይበቃታል ባይ ናቸው፣ ተንበርክካ እንዳትሰግድም ከልክለዋታል። "ካልተሠራልኝ ሽባ እሆናለሁ? ከተሠራልኝስ ጉልበቴ እንደ ድሮው ይታጠፋል?" ስትል ትጠይቃለች።

እህቴ፣ እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ቀዶ ሕክምና አልሠራም። ግን ሊሠራላቸው የሚሄዱትም፣ ተሠርቶላቸው የተመለሱትም፣ ሳይሠራላቸው የቀሩትም እኔ ጋ ስለሚመጡ ሦስቱንም ወገን አይቻለሁ። ሐሳቤን ከፊት ላስቀምጥልሽ። የቀኝ ጉልበትሽ ቀዶ ሕክምና በቁም ነገር የሚታሰብበት ደረጃ ላይ ደርሷል። የግራው አልደረሰም። ሁለቱን በአንድ አፍ "ይሠሩ" ወይም "ይቅሩ" ማለት ተገቢ አይመስለኝም፤ እያንዳንዱ ጉልበት የራሱ ታሪክ አለው። ሽባነትን በተመለከተ ደግሞ አትፍሪ፣ ሎሚ በመውለቁ ሰው ሽባ አይሆንም። የሚያስፈራው ሌላ ነው፣ እደርስበታለሁ።

መጀመሪያ ለምን እንደሚወልቅ ይግባሽ። ስሙ ራሱ ይረዳናል። መዳፍሽን ሰብሰብ አድርገሽ ሎሚ አስቀምጪበት፤ እጅሽን ብትነቀንቂው እንኳ በቀላሉ አይወጣም። አሁን መዳፍሽን ዘርጊው። ትንሽ ዘንበል ስትይ ሎሚው ተንከባልሎ ይወድቃል። የጭን አጥንትሽ የታችኛው ጫፍ ላይም ሎሚው ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስበት ቦይ አለ። ቦዩ ጎድጎድ ያለ ከሆነ ሎሚው አርፎ ይሄዳል። አንዳንድ ሰው ግን ሲፈጠርም ቦዩ ጠፍጣፋ ነው፣ እንደተዘረጋ መዳፍ። ደጋግሞ የሚወልቅበትን ሰው ስንመረምር ብዙውን ጊዜ የምናገኘው ይህንን ነው። መረብ ኳሱን አትውቀሺው፤ የነበረውን ነው ያወጣው።

ሁለተኛው ያዥ ከውስጥ በኩል፣ ማለትም ከሌላው ጉልበትሽ ወገን፣ ሎሚውን ከጭን አጥንት ጋር ያሰረው ቀጭን ጅማት ነው። እግርሽ ተዘርግቶ ወይም ገና መታጠፍ ሲጀምር፣ ከ0 እስከ 30 ዲግሪ ባለው፣ ሎሚው ገና ቦዩ ውስጥ በደንብ አልገባም። በዚያች ቅጽበት ወደ ውጭ እንዳይሸሽ ከሚይዘው ኃይል ግማሹን ወይም ከዚያ በላዩን የሚሸከመው ይህ ጅማት ነው። ሎሚ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወልቅ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ይህ ጅማት ይቀደዳል። ከዚያ ቢድንም ላልቶ ነው የሚድነው።

የባጃጁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ስትወርጂ አንድ እግርሽ መሬት ረገጠ፣ ጉልበትሽ ሊዘረጋ ጥቂት ቀርቶታል፣ ሰውነትሽ ደግሞ ሒሳብ ለመክፈል ወደ ሾፌሩ ዞረ። እግሩ ተተክሎ ገላ ሲዞር፣ ሎሚ የሚወልቀው እንዲህ ነው። ሙሉ በሙሉ ታጥፎ የተቀመጠ ጉልበት ላይ ግን ሎሚው ቦዩ ውስጥ ጠልቆ ስለተቀመጠ መውለቁ እምብዛም ነው። ስለዚህ እናትሽ ስግደቱን ሲከለክሉሽ ከፍቅር ቢሆንም፣ የከለከሉት ዋናውን አደጋ አይደለም። ሲታጠፍ የሚወልቅባቸው ጥቂት ሰዎች አሉ፣ አንቺ የጻፍሽው ግን የእነሱን አይመስልም። ሱጁድ ላይ ካልወለቀብሽና ካላመመሽ ስገጂ። ከባጃጅ ስትወርጂ ግን መጀመሪያ ሁለቱንም እግርሽን መሬት አሳርፊ፣ ከዚያ ዙሪ።

ወደ ዋናው ልመለስ። ቀዶ ሕክምና ይሁን አይሁን ከመባሉ በፊት መለካት ያለባቸው ነገሮች አሉ፣ በጥያቄሽ ውስጥም ያጣሁት ይህንን ነው። አንድ ራጅ ታይቶ "ሁለቱም ይሠሩ" ተብሎሻል፤ ምን ተለክቶ እንደሆነ ግን አልጻፍሽም። የሎሚው ከፍታ አንዱ ነው። ጉልበት ከጎን ራጅ ተነስቶ፣ ሎሚው ከቅልጥም የራቀበት ርቀት ለሎሚው ርዝመት ተካፍሎ ይለካል፤ ቁጥሩ ከ1.2 ካለፈ ሎሚው ከቦዩ በላይ ተሰቅሏል ማለት ነው፣ ስለዚህ ጎድጓዳው ውስጥ ለመግባት ይዘገያል። ሌላው፣ ከሎሚው ወርዶ ቅልጥም ላይ የሚተከለው ወፍራም ጅማት የት ላይ እንደተተከለ ነው። ከቦዩ መሐል ወደ ውጭ የራቀበት መጠን በሲቲ ስካን ወይም በኤምአርአይ ይለካል፤ ከ20 ሚሊሜትር ካለፈ በዝቷል ይባላል፣ ምክንያቱም ጭንሽ በተኮማተረ ቁጥር ሎሚው ወደ ውጭ ይሳባል። የቦዩ ጥልቀትም ይታያል። እነዚህን ምክንያቶች አንድ ላይ አድርጎ ያሳየው በፈረንሳይ የሊዮኑ ሐኪም አንሪ ዴዡር ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣው ሥራ ነው፤ ዛሬም አጥንት ሐኪሞች የሚሄዱት በዚያ መንገድ ነው።

በእጅና በዓይን የሚታዩም አሉ። ቁመሽ ጉልበቶችሽ ሲጋጠሙ ቁርጭምጭሚቶችሽ ይራራቃሉ? በልጅነት በቫይታሚን ዲ እጥረት እግራቸው እንዲህ የቀረ ሰዎች አሉ፤ እንደዚያ ከሆነ ሎሚውን ብቻ ማሰር ዋጋ የለውም፣ የእግሩ አቅጣጫ ራሱ መታየት አለበት። አውራ ጣትሽ ወደ ኋላ ታጥፎ ክንድሽን ይነካል? ክርንሽ ከቀጥታው አልፎ ወደ ኋላ ይለመጣል? መላ ሰውነቷ የላላ ሰው ከሆንሽ ሐኪሙ አስቀድሞ ማወቅ አለበት፣ የሚተካው ጅማትም ከዚያው ከሰውነትሽ የሚወሰድ ነውና።

እኔ ጋ ስትመጪ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀምጬ እግርሽን ቀስ ብለሽ እንድትዘረጊ አደርግሻለሁ፣ ዓይኔ ሎሚው ላይ ነው። የአንዳንዱ ሰው ሎሚ ቀጥ ብሎ ይወጣና ልክ መጨረሻው ላይ እንደ ከዘራ እጀታ ወደ ውጭ ቀለስ ይላል። ያንን ሳይ ጉዳዩ የጡንቻ ድካም ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ከዚያ አስተኝቼሽ፣ ጉልበትሽን በትንሹ አጥፌ፣ ሎሚውን በአውራ ጣቴ ወደ ውጭ ገፋ አደርገዋለሁ። "አመመኝ" የሚል አለ። የወለቀበት ሰው ግን ሳያመው እጄን ለቀም አድርጎ ይይዘኛል፤ አንዲት አስተማሪ አንጓዬን ስትይዘኝ ጥፍሯ ምልክት ትቶ ነበር፣ ፊቷን ሳይ ደግሞ ላብ አጥምቋታል። ያ ፍርሃት ራሱ መልስ ነው። ሕመምና አለመርጋት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ ኦፕራሲዮኑም የሚፈታው አለመርጋቱን ነው። ጉልበቱ ሳይወልቅ "ስለሚያመኝ ይሠራልኝ" ለሚል ሰው ጅማት መተካት መልስ አይደለም።

ቁጥሩን ለማወቅ ብትፈልጊ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ከወለቀባቸው ሰዎች ከሦስቱ አንዱ ገደማ ይደግመዋል። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለወለቀበት ሰው ብዙውን ጊዜ ቢላ አይመከርም፤ ከውስጥ የአጥንትና የካርቲሌጅ፣ ማለትም አጥንቱን መገጣጠሚያው ላይ የሚሸፍነው ለስላሳ ልባስ፣ ስብርባሪ ተገንጥሎ ካልተገኘ በቀር። ሁለት ጊዜ ከወለቀ በኋላ ግን እንደገና የመውለቁ ዕድል ወደ ግማሽ ይጠጋል። የአንቺ ቀኝ አምስት ጊዜ ወልቋል። እዚህ ላይ ቁጥር መጥቀስም አያስፈልግም፤ ይህ ጉልበት ባለበት ከተተወ ይወልቃል።

የሚያስፈራው ሌላ ነው ያልኩሽም ይኸው ነው። በወለቀ ቁጥር፣ ሲወጣም ሲመለስም፣ የሎሚው ጀርባ የጭን አጥንቱን ጠርዝ ይመታል። የሎሚው ጀርባ በሰውነታችን ካሉት ሁሉ ወፍራም በሆነ ካርቲሌጅ የተሸፈነ ነው፣ አንዴ ከተፋቀ ግን እንደ ቆዳ መልሶ አይበቅልም። ደጋግሞ የወለቀበት ሰው በአርባዎቹ ዕድሜ ደረጃ መውረድ ሊያቅተው የሚችለው በዚህ ነው። ታዲያ ኦፕራሲዮኑ ይህንን ሙሉ በሙሉ ያስቀራል ብዬ አልዋሽሽም። ከዚህ በፊት የተጎዳውን አይመልስም። መውለቁን ግን በአብዛኛው ያቆመዋል፤ አዲስ ምት እንዳይጨመር ማድረግ በ21 ዓመት ዕድሜ ትልቅ ነገር ነው።

ስለ ዓይነቱ ሐኪምሽን ጠይቂው፣ "ኦፕራሲዮን" የሚለው ቃል ብቻውን ብዙ አይናገርም። የተለመደው ከጭን ጀርባ ቀጭን ጅማት ተወስዶ የተቀደደውን የውስጥ ጅማት መተካት ነው። የቅልጥሙ ጅማት ወደ ውጭ በጣም ከራቀ ወይም ሎሚው ከተሰቀለ፣ ጅማቱ የተተከለባት የአጥንት ጉብታ ተቆርጣ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ታች ተዛውራ በብሎን ትታሰራለች። ይህ አጥንት እስኪገጥም ስለሚጠበቅ ክራንች የምትይዢበትን ጊዜ ያረዝመዋል። ቦዩን ራሱን መቆፈር ደግሞ ከባድ ሥራ ነው፤ በጣም ጠፍጣፋ ለሆነ ሰው ብቻ፣ ደጋግሞ በሚሠራው እጅ ብቻ። "ከውጭ በኩል ያለውን ጅማት ቆርጠን እናላላዋለን፣ ቀላል ነው፣ በዚያው ቀን ቤትሽ ትገቢያለሽ" ከተባልሽ ግን ቆም በይ። ድሮ ይሠራ ነበር። ዛሬ ብቻውን ለሚወልቅ ሎሚ አይመከርም፤ ሎሚው ወደ ሌላው ወገን እንዲሸሽ ያደረገበት ጊዜም አለ።

ጉዳቱንም እወቂው። የጅማት መተካትን ውጤት ያየ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የጥናቶች ድምር 629 ጉልበቶችን ቆጥሮ 164 ችግሮች አግኝቷል፤ ከአራቱ አንድ ገደማ ማለት ነው። ሁሉም ከባድ አይደሉም፤ ጉልበት በደንብ አለመታጠፍ፣ የሎሚው አጥንት መሰንጠቅ፣ የቁስል ችግር፣ የማይለቅ ሕመም፣ እንደገና መላላት ይገኙበታል። ጅማቱ ከልክ በላይ ከተወጠረ ሎሚው ቦዩ ላይ ተጭኖ ካርቲሌጁን ይፈጨዋል። ለዚህ ነው ሐኪሙን "ይህንን ዓይነት ሥራ በዓመት ስንት ትሠራለህ?" ብለሽ መጠየቅ ነውር የማይሆነው። ጥሩ ሐኪም በዚህ አይቀየምም። ምናልባት አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ይኖርብሽ ይሆናል። ያንን ካደረግሽ በሦስተኛው ቀን ቀኑን ሙሉ በሚፈጅ አውቶቡስ ተመልሰሽ እንዳትመጪ፤ ያበጠ እግር ሳይንቀሳቀስ ብዙ ሰዓት ሲቀመጥ ደም የመርጋት አደጋ አለው። የምትመለሺበትን ቀንና መንገድ ሐኪሙ ይወስን።

አሁን ከሁሉ በላይ የምጨነቅበትን ልንገርሽ። ኦፕራሲዮኑ የአንድ ሁለት ሰዓት ነገር ነው፤ ጉልበቱን የሚሠሩት የሚቀጥሉት ስድስትና ዘጠኝ ወራት ናቸው። ሐረር፣ ጁገል ግንብ ውስጥ የሚኖር አንድ ልጅ ትዝ ይለኛል። ሌላ ከተማ ተሠርቶለት መጣ፣ ቁስሉ አምሯል፣ ሎሚው ቀጥ ብሏል። እኔ ጋ የመጣው ግን በአሥረኛው ሳምንት ነው። እስከዚያ ቀጠሮው እስኪደርስ እንዳያጥፍ የተነገረው መስሎት እግሩን እንደ ዱላ ዘርግቶ ተቀምጧል፤ ምን ማድረግ እንዳለበት የተጻፈ ወረቀትም አልተሰጠውም። ሲመጣ ጉልበቱ 40 ዲግሪ አይሞላም። ቤታቸው የሐረር ቤት ነው፣ ነደባ የሚባለው ከፍ ያለ መደብ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ እግሩ በራሱ ክብደት እንዲንጠለጠል አደረግነው፤ ጠዋት ሩብ ሰዓት፣ ማታ ሩብ ሰዓት። እናቱ በሰዓት ይጠብቁት ነበር። አምስት ወር ፈጀ። ዛሬ ይራመዳል፣ የጁገልን ቁልቁለት ይወርዳል፣ ተረከዙ ላይ ግን መቀመጥ አይችልም። ይህ ሁሉ ሊቀር ይችል የነበረ ነው።

ስለዚህ ቀን ከመቁረጥሽ በፊት አክስትሽን አነጋግሪ፤ ሱቅ ውስጥ ቀኑን ሙሉ መቆም ቢያንስ ለሁለት ሦስት ወር አይታሰብም። የምትኖሩት ፎቅ ላይ ከሆነ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምድር ቤት የሚያስጠጋሽ ዘመድ ፈልጊ። የኦፕራሲዮኑን ብቻ ሳይሆን የብሎኑን፣ የክራንቹን፣ የጉዞውንና የፊዚዮቴራፒውን ወጪ ደምሪ። ለኦፕራሲዮኑ ብቻ የሚበቃ ብር ካለሽ፣ የበቃ ብር የለሽም ብዬ ነው የምመክርሽ፤ ጥቂት ወር ቆይተሽ አሟልተሽ ብትገቢ ይሻላል። ያንን ጊዜም ጡንቻሽን እያጠነከርሽ ትቆያለሽ፤ ጠንካራ ጭን ይዞ የገባ ሰው ቶሎ ይነሳል።

ሁለቱን በአንድ ቀን የሚለውን አልቀበለውም። የምትቆሚበት አንድ እግር ያስፈልግሻል። ግራውም ሙሉ በሙሉ ወልቆ አያውቅም። ሸርተት የሚለው ሎሚው ይሁን፣ ወይስ ጭኑ ደክሞ ጉልበቱ የሚከዳሽ ይሁን ገና አልተለየም፤ ሁለቱ ሲሰሙ ይመሳሰላሉ። ለእሱ ሦስት ወር ሙሉ ሥራ ስጪው። ጀርባሽ ላይ ተኝተሽ እግርሽን ቀጥ አድርጎ ማንሳት፣ ጀርባን ግድግዳ አስደግፎ በግማሽ መቀመጥ፣ በጎን ተኝቶ የላይኛውን እግር ማንሳት። ዳሌን አትርሺ፤ ዳሌ ሲደክም ጉልበት ወደ ውስጥ ይወድቃል፣ ሎሚውም ወደ ውጭ ይሸሻል። ከሁሉ የምወደው ዝቅ ባለ ደረጃ ላይ በአንድ እግር ቆሞ የሌላውን ተረከዝ ቀስ ብሎ መሬት አስነክቶ መመለስ ነው፤ መስታወት ፊት ሁኚና ጉልበትሽ ከእግርሽ ሁለተኛ ጣት አቅጣጫ እንዳይወጣ ተመልከቺ። አሥር አሥር ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ በሳምንት አራት ቀን። የድሬን ሙቀት ታውቂዋለሽ፣ ከሱብሒ በኋላ ሥሪው። መጀመሪያ ግን አንድ ጊዜ ባለሙያ ፊት ተሠርቶ ይታይ፣ በተለይ ቀኙን እስክንመረምር ደረጃውን በቀኝ እግርሽ እንዳትሞክሪ። የጉልበት ድጋፍ ሱቅ ስትቆሚ ብታደርጊ ክፋት የለውም፣ ጡንቻ ግን አይተካም።

ስለ ወጌሻ፣ እናትሽን አክብሬ ልናገር። እጃቸው የተባረከ ወጌሾች አውቃለሁ። ግን የላላ ጅማት በእሽት አይጠብቅም፣ ጠፍጣፋ ቦይ በእሽት አይጎደጉድም። ባበጠ ጉልበት ላይ ማሸት ደሙን ያበዛዋል። በቀርከሃ ጥብቅ ተደርጎ ታስሮ ደም ሳይደርሰው ቀርቶ እግሩ የተቆረጠ ሰው በአገራችን ሆስፒታሎች የታወቀ ነው፣ ይህንን ለእናትሽ ራስሽ ንገሪያቸው። ከወለቀብሽ መላው ቀላል ነው፦ ቁጭ ወይም ተኛ በይ፣ ዳሌሽን ትንሽ አጥፊ፣ ሌላ ሰው ተረከዝሽን ይዞ እግርሽን በጣም በዝግታ ይዘርጋው። አብዛኛውን ጊዜ ሲዘረጋ በራሱ ይገባል። በኃይል መግፋት የለም። ከዚያ በረዶ በጨርቅ ጠቅልለሽ አድርጊበት፤ በሰዓታት ውስጥ ጉልበትሽ ከተነፋ ወይም መዘርጋት ካቃተው በዚያው ቀን ድል ጮራ ሆስፒታል ወይም ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል ሄደሽ ራጅ ተነሺ፤ ስብርባሪ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

መታጠፉን ጠይቀሽኝ ነበር። ክትትሉ ከተያዘ፣ ጅማት ብቻ የተተካለት ሰው አብዛኛውን ጊዜ በአራተኛውና በስድስተኛው ወር መሐል እንደ ቀድሞው ያጥፋል። ጠባሳው ላይ በቀጥታ መንበርከክ ለተጨማሪ ጊዜ ሊቆረቁርሽ ይችላል፤ ወፍራም ምንጣፍ ይረዳል። እስከዚያ ወንበር ላይ ሆነሽ መስገድ ለታመመ የተፈቀደ ነው፣ እናትሽ ይህንን ከእኔ የበለጠ ያውቁታል።

እንግዲህ የሚቀረው ቀኙን በደንብ ማስለካት ነው። የጎን ራጁን፣ ከዚያም ኤምአርአዩን ወይም ሲቲ ስካኑን። ቁጥሮቹን ካየን በኋላ የትኛው ዓይነት ሥራ እንደሚስማማሽ ከአጥንት ሐኪሙ ጋር ተነጋግረን እንደርስበታለን። ስትመጪ እናትሽንም ይዘሻቸው ነይ፣ እግርሽን ስመረምር አጠገብሽ ሆነው ይዩት። ውጤቱ የተጻፈበትን ወረቀት ብቻ ይዘሽ እንዳትመጪ፤ ፊልሙንም አምጪው።